አንዱ ጎማ ሲዞር ሌላው ሲቆም፤ ዲፈረንሻልና የጉለሌ ዳገት

የሕግ ሰው ስለ ዲፈረንሻል ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም በበኩሌ በሕግ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ተሽከርካሪ ያነበብኩት ሁሉ ከካሳ ክርክር ያለፈ አልነበረም። ነገሩን እንድመረምር ያስገደደኝ በአንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ በምኖርበት በጉለሌ የገጠመኝ ነው።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ከሚያወጡት የኮብልስቶን መንገዶች በአንደኛው እየወጣሁ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከፊቴ የሚወርድ ሚኒባስ ለማሳለፍ ወደ ቀኝ ተጠጋሁና የቀኝ ጎማዎቼ ጎርፉ ከእንጦጦ ጠርጎ ያመጣው ጭቃ ላይ ወጡ። ሚኒባሱ ካለፈ በኋላ ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዬ ግን ንቅንቅ አላለችም። ይባስ ብዬ ስጨምር የፊት ቀኝ ጎማ ጭቃ እየረጨ ብቻውን ይሽከረከራል፤ የፊት ግራ ጎማ ደረቅ ሊባል በሚችል ድንጋይ ላይ ቆሞ ዝም ብሏል። ፍሬን ለመያዝ እስካስብ ድረስ መኪናዋ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተንሸራታ በቆሎ እሸት ጠብሰው የሚሸጡ እናት ምድጃ ገለበጠች።

እናቲቱ ፈጥነው በመነሳታቸው ምንም አልሆኑም፤ ፍሙ መንገዱ ላይ ተበተነ፣ በቆሎው ከጭቃው ተቀላቀለ። «ተመስገን በል፣ ልጄ ከጎኔ አልነበረችም» ያሉኝ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። የከሰሩትን ከፈልኩ፣ ይቅርታም ጠየቅሁ። በአጠገቡ የቆመ አንድ ወጣት ደግሞ «ጋሼ፣ የሚዞረው አንዱ ጎማ ብቻ ነው፤ ዝም ብለው ነዳጅ አይስጡት። እታች ሜዳው ላይ ያዙሩትና በኋላ ማርሽ ይውጡ» አለኝ። እንዳለው አደረግሁና ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ ግን አልገባኝም ነበር።

ይህን ሰሞን ደግሞ የወንድሜ ልጅ የኤሌክትሪክ ሃችባክ ሊገዛ ተነሳና «አጎቴ፣ የውጭዎቹ ጉልበተኛ ሃችባኮች ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል አላቸው፤ ለኛ ዳገት አያስፈልግም?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መሆናቸውን ያወቅሁት መልሱን ስፈልግለት ነው። ያገኘሁትን ለአንባብያን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ዲፈረንሻል ለምን አስፈለገ?

መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። የውስጠኛው ጎማ በ5 ሜትር ራዲየስ፣ የውጪው በ6.5 ሜትር ራዲየስ ሩብ ክብ ቢዞሩ፣ የመጀመሪያው 7.9 ሜትር ገደማ፣ ሁለተኛው 10.2 ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ደረቅ ዘንግ ቢታሰሩ ኖሮ በየመታጠፊያው አንዱ እየተጎተተ ጎማ ይበላል፣ መሪውም አልታዘዝ ይላል።

ዲፈረንሻል ይህን የሚፈታ የጥርሶች ስብስብ ነው። ሞተሩ የሚያዞረውን ኃይል ተቀብሎ ለሁለቱ ጎማዎች ያካፍላል፤ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩም ይፈቅዳል። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔከር እ.ኤ.አ. በ1828 ለእንፋሎት ተሽከርካሪ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሲሆን፣ ዛሬ በየመንገዱ በምናያቸው መኪኖች ውስጥ ያለው በመሠረተ ሐሳቡ ከዚያ የራቀ አይደለም። በፊት ጎማ በሚጎተቱ መኪኖች ውስጥ ከካምቢዮው ጋር በአንድ ቤት ታሽጎ ስለሚቀመጥ ባለቤቱ አይቶት አያውቅም።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አንድ ጠባይ አለ። ተራ ዲፈረንሻል ፍጥነትን እንደ አስፈላጊነቱ ይለያያል፤ የሚገፋውን ኃይል ግን ምንጊዜም ለሁለቱም እኩል ያካፍላል። ለቀኙ የሰጠውን ያህል ለግራው ይሰጣል፣ ከዚያ ሳንቲም አይጨምርም።

ይህን ለመረዳት ቀንበርን ማሰብ ይበቃል። ሞፈሩ በምራን የታሰረው በቀንበሩ መካከል ላይ ከሆነ ሁለቱ በሬዎች እኩል ይስባሉ። አንዱ በሬ ቢዝልና መሳብ ቢያቆም ቀንበሩ ይዞራል እንጂ ብርቱው በሬ የሁለቱን ድርሻ ሊስብ አይችልም፤ የሚገፋበት ነገር የለውምና። ብርቱው በሬ የሚስበው ደካማው በሳበው ልክ ነው።

እኩልነቱ የሚጎዳው መቼ ነው?

ጎማ ከመንገዱ ጋር ካለው መያዝ የበለጠ ኃይል ሊያስተላልፍ አይችልም። አንደኛው ጎማ ጭቃ ላይ ከሆነ ጥቂት ኃይል ብቻ ተቀብሎ መሽከርከር ይጀምራል። ተራው ዲፈረንሻል እኩል ስለሚያካፍል ድንጋይ ላይ ለቆመው ጎማም ያችኑ ጥቂት ኃይል ይሰጠዋል። በመሆኑም ነዳጅ መጨመር የሚሽከረከረውን ጎማ ከማፍጠን በስተቀር ለቆመው የሚያክልለት ነገር የለም። የኔም መኪና ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 1,000 ኪሎ የምትመዝን በፊት ጎማ የምትጎተት ትንሽ መኪና አለች እንበል። ሜዳ ላይ 600 ኪሎው በፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚጋደል ለፊቱ የሚተርፈው ወደ 540 ኪሎ፣ ለእያንዳንዱ ጎማ 270 ኪሎ ገደማ ነው። ከኋላ ወንበር ሦስት ሰው ከተቀመጠ የፊቱ ድርሻ ከዚህም ያንሳል። መኪናዋን ወደ ላይ ለመግፋት የሚያስፈልገው ደግሞ የ200 ኪሎ ክብደት ያህል ግፊት ነው።

ግራው ጎማ ጥሩ ድንጋይ ላይ ሆኖ ከተሸከመው ክብደት 70 በመቶውን ያህል መግፋት ይችላል እንበል፤ 189 ኪሎ ማለት ነው። ቀኙ እርጥብ ጭቃ ላይ ሆኖ 20 በመቶውን ብቻ፣ ማለትም 54 ኪሎ ይገፋል። ሁለቱ የቻሉትን ቢያዋጡ 243 ኪሎ ይሆናል፤ ዳገቱን ለመውጣት ይበቃል። ተራው ዲፈረንሻል ግን 54 ሲደመር 54 ብሎ 108 ላይ ያቆማል። 135 ኪሎ ያህል የመግፋት አቅም በግራው ጎማ ሥር ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል ማለት ነው።

በኋላ ማርሽ መውጣቱ የረዳኝ ለምን እንደሆነም ከዚሁ ስሌት ይገኛል። መኪናዋ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ ስታዞር ወደ ታች የሚጋደለው ክብደት በሚጎትቱት ጎማዎች ላይ ያርፋል። የሞተሩ ክብደትም እዚያው ስላለ የጎማዎቹ መያዝ ይጨምራል። ያ ወጣት ፊዚክስ ባያስተምረኝም ፊዚክሱን ያውቀዋል። ድሮ ቮልስና ሰይቼንቶ ይነዱ የነበሩ ሰዎች ዳገት እንደማይፈሩ ሲያወሩ የምንሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሞተራቸው ከኋላ፣ የሚገፋው ጎማም ከኋላ ስለነበረ ዳገቱ ራሱ ያግዛቸው ነበር።

መንሸራተትን የሚገድበው ዲፈረንሻል

ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል የሚባለው መንሸራተትን የሚገድብ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ለአጭሩ ገዳቢ ዲፈረንሻል እለዋለሁ። ሥራው አንዱ ጎማ ከሌላው እጅግ ሲፈጥን ልዩነቱን መግታትና ለሚይዘው ጎማ የበለጠ ድርሻ መስጠት ነው። በቀንበሩ ምሳሌ፣ ምራኑን ከመካከል አንስቶ ወደ ብርቱው በሬ እንደማስጠጋት ይቆጠራል። አራት ዓይነቶቹን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው በፍሪሲዮን ሸራዎች የሚሠራው ነው። በዲፈረንሻሉ ውስጥ የተደረደሩ ሸራዎች እየተጣበቁ ሁለቱን ዘንጎች ለማስተሳሰር ይሞክራሉ። የጀርመኑ ዜድ ኤፍ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለውድድር መኪኖች የሠራው በዚህ መስመር ይጠቀሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ በአሜሪካ ስቱድቤከርና ፓካርድ ለተራ ገዢ አቅርበውታል። ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ሸራው ያልቃል፣ የራሱን ዘይት ይፈልጋል፣ በፊት ጎማ ላይ ሲገጠም መሪን ያከብዳል።

ሁለተኛው በጠመዝማዛ ጥርሶች የሚሠራው ነው። አሜሪካዊው ቬርነን ግሊስማን እ.ኤ.አ. በ1958 የፈጠራ መብት ያገኘበት ቶርሰን የዚህ ዘመድ ነው። ጥርሶቹ ኃይል ሲያርፍባቸው ከቤታቸው ጋር እየተፋተጉ ለሚይዘው ጎማ የበለጠ ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ ሦስት እጥፍ። የሚያልቅ ሸራ የለውም፣ መሪንም ብዙ አያስቸግርም። ስለዚህ በፊት ጎማ ለሚጎተቱ ጉልበተኛ መኪኖች ተመራጭ ሆኗል።

ሦስተኛው በሲሊኮን ፈሳሽ ውፍረት የሚሠራው ነው። ሁለቱ ጎማዎች በፍጥነት ሲለያዩ ፈሳሹ ይቃወማል። ለስላሳ ቢሆንም ጎማው ሲንሸራተት ቆይቶ ነው የሚነቃው።

አራተኛው በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ሸራ ያለው ነው። ሴንሰሮች የጎማውን ፍጥነትና የመሪውን አቅጣጫ እያዩ ምን ያህል እንዲጣበቅ ያዛሉ።

ወደ ስሌታችን እንመለስና ሦስት እጥፍ የሚሰጥ ገዳቢ ዲፈረንሻል በመኪናዋ ላይ እንግጠም። ጭቃ ላይ ያለው 54 ኪሎ ሲገፋ ድንጋይ ላይ ያለው ሦስት እጥፉን፣ 162 ኪሎ ይገፋል። ድምሩ 216 ነው፤ መኪናዋ እየታገለች ትወጣለች። ነገር ግን ጭቃው ከዚያ የባሰ ሆኖ ቀኙ ጎማ 27 ኪሎ ብቻ ቢገፋ፣ 27 ሲደመር 81 ብሎ 108 ይሆናል፤ አትወጣም። ጎማው ጭራሹን ቦይ ውስጥ ተንጠልጥሎ ምንም ካልያዘ ደግሞ ሦስት ጊዜ ዜሮ ያው ዜሮ ነው። ገዳቢ ዲፈረንሻል ያለውን ያከፋፍላል፤ የሌለውን አይፈጥርም።

ጉልበተኛዋ ሃችባክ ከየት መጣች?

የእንግሊዟ ሚኒ እ.ኤ.አ. በ1959 ሞተሯን አግድም አስተኝታ በፊት ጎማ የምትጎተት ሆና ስትወጣ ጉልበቷ 34 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። በዚህ አቅም ዲፈረንሻል የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣችው ጎልፍ ጂቲአይ 110 የፈረስ ጉልበት ይዛ ለዓለም አዲስ ዓይነት መኪና አስተዋወቀች፤ ይኸውም የቤተሰብ ሃችባክ ሆና እንደ ውድድር መኪና የምትሮጥ። ከዚያ በኋላ ፉክክሩ ተጀመረ።

ጉልበት ሲጨምር ሁለት ችግር ይከተላል። አንደኛው ከመታጠፊያ ሲወጡ የሚቀልለው የውስጠኛው ጎማ መሽከርከሩ ነው። ሁለተኛው ኃይሉ መሪውን ወደ አንድ ወገን መጎተቱ ነው፤ የሚጎትተውም የሚታጠፈውም ያው የፊት ጎማ ነውና። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1997 ለጃፓን ገበያ ባወጣት 185 የፈረስ ጉልበት ባላት ሲቪክ ታይፕ አር ላይ ጠመዝማዛ ጥርስ ያለውን ገዳቢ ዲፈረንሻል ገጠመ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2002 በ215 የፈረስ ጉልበቷ ፎከስ አር ኤስ ላይ ከእንግሊዙ ኳይፍ የተገኘውን ተመሳሳይ ዲፈረንሻል አኖረ። መኪናዋ ኃይሏን መሬት ላይ ብታሳርፍም መሪን ከእጅ የምትቀማ ተብላ ተወቅሳለች። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ300 በላይ የፈረስ ጉልበት ይዛ ስትመለስ፣ ከዲፈረንሻሉ ጋር የጎማውን መያዣ ራሱን በአዲስ ንድፍ መሥራት አስፈልጓል። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2013 በጎልፍ ጂቲአይ ፐርፎርማንስ፣ ሃዩንዳይ እ.ኤ.አ. በ2017 በአይ 30 ኤን ላይ በኮምፒዩተር የሚታዘዘውን መረጡ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው እነዚህ ኩባንያዎች ዲፈረንሻሉን የገጠሙት ከመታጠፊያ በፍጥነት ለመውጣት መሆኑን ነው። ጭቃ ላይ ቆሞ የቀረን ሰው አስበው አልነበረም። ጥቅሙ ለሁለቱም ቢደርስም ዓላማው ይለያያል።

ጉለሌ ላይ ምን ተለወጠ?

በጉለሌ መንደሮች ዳገት የሚወጡት ትናንሽ መኪኖች በአብዛኛው ጉልበተኛ አልነበሩም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣችው ባለ 1 ሊትር ቪትዝ 70 የፈረስ ጉልበት ናት፤ ያውም በባሕር ጠለል። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ወይም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ስንወጣ ከ2,500 ሜትር አልፈን ወደ 3,000 ሜትር እንጠጋለን። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። ከአራት ፈረሶች አንዱ መንገድ ላይ ቀረ እንደማለት ነው። በሌላ አነጋገር የእንጦጦ አየር ሳናውቀው ጎማችንን ከመሽከርከር ይጠብቅልን ነበር።

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ እንጦጦ ላይም ባሕር ዳርቻም ያው ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ አዲስ መኪና ለሚገዛ የከተማ ሰው ምርጫው ወደ ኤሌክትሪክ አዘንብሏል። ከነዚህ መካከል በፊት ጎማ የሚጎተቱት የቢዋይዲ ሃችባኮች ይገኛሉ። ትንሿ ሲገል 55 ኪሎ ዋት፣ ዶልፊን ደግሞ በመነሻ ሞዴሏ 70 ኪሎ ዋት፣ በከፍተኛው 150 ኪሎ ዋት ጉልበት አላቸው። 150 ኪሎ ዋት ማለት ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ ነው። ፎከስ አር ኤስ እ.ኤ.አ. በ2002 ልዩ ዲፈረንሻል ያስፈለጋት በዚህ አካባቢ ባለ ጉልበት ነበር።

ማጋነን እንዳይሆንብኝ አንድ ነገር ልጨምር። የነዳጅ መኪና በመጀመሪያ ማርሽ ጎማ ላይ የምታደርሰው ኃይል ቀላል አይደለም፤ ከትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ የሚመስለንን ያህል አይሰፋም። ትልቁ ልዩነት ኃይሉ የሚመጣበት ጊዜ ነው። የነዳጅ ሞተር ጉልበቱን እስኪያሰባስብ ዙር ይፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የቆመ ሰው እግሩን ቸኩሎ ካሳረፈ ጎማው ከመሬት ሳይስማማ ይዞራል። ሁሉም የኤሌክትሪክ መኪኖች በፊት ጎማ የሚጎተቱ አለመሆናቸውም መታወቅ አለበት፤ ለምሳሌ የቮልስዋገን አይዲ 4 መነሻ ሞዴል የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው።

ፍሬን እንደ ዲፈረንሻል

የወንድሜ ልጅ ሊገዛት ያሰባት መኪና ገዳቢ ዲፈረንሻል የላትም፤ የአብዛኞቹ ቤተሰብ መኪኖች ነገር እንዲሁ ነው። በምትኩ ትራክሽን ኮንትሮል የሚባለው አለ። ኮምፒዩተሩ አንዱ ጎማ ብቻውን ሲሽከረከር ያንን ጎማ ለይቶ ፍሬን ይይዘዋል፣ የሞተሩንም ኃይል ይቀንሳል። በስሌታችን የሚሽከረከረው ጎማ ላይ ፍሬኑ የ108 ኪሎ ያህል ቢቃወም፣ ተራው ዲፈረንሻል ጭቃውንና ፍሬኑን ደምሮ ‹ቀኙ 162 ተቀበለ› ብሎ ስለሚያስብ ለግራውም 162 ይሰጣል። ዕውሩን ዳኛ በሐሰት ሚዛን ወደ እውነተኛ ፍርድ እንደመምራት ያለ ብልሃት ነው።

ጉዳቱ ፍሬኑ መጋሉ ነው። ረዥም ዳገት ላይ ደጋግሞ ከሠራ ሥርዓቱ ራሱን ለመጠበቅ ሥራውን ሊያቋርጥ ይችላል። እንዲሁም ጎማው አስቀድሞ መንሸራተት ስላለበት መልሱ ዘግየት ይላል።

የድሮ ሾፌሮች ይህንኑ በእጅ ፍሬን ያደርጉት ነበር፤ ጥቂት ሳብ አድርገው ነዳጅ ይሰጣሉ። ብልሃቱ የሚሠራው በኋላ ጎማ ለሚገፋ መኪና ነው፤ የእጅ ፍሬን በአብዛኛው የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነውና። በፊት ጎማ የሚጎተተውን መኪና በእጅ ፍሬን መያዝ በሬውን ትቶ ሞፈሩን መግረፍ ነው። የእግር ፍሬን በቀስታ መንካት ሊረዳ ቢችልም ብዙ ዘመናዊ መኪኖች ሁለቱ ፔዳሎች አንድ ላይ ሲረገጡ ኃይል ያቋርጣሉ።

ሕጉ ስለ መንሸራተት ምን ይላል?

ወደ ሙያዬ ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። በቁጥር 2086 ደግሞ ባለቤቱ ጥፋት አለመፈጸሙን ወይም የጉዳቱ ምክንያት አለመታወቁን በማስረዳት ከኃላፊነት እንደማይድን ያመለክታል፤ መውጫ የሚሆነው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። «ጭቃ ነበር፣ ጎማው ተንሸራተተብኝ፣ ዲፈረንሻሉ ከፈለኝ» የሚል መከላከያ እናቲቱን ከካሳ አያስቀራቸውም ነበር። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን የግዴታ ያደረገውም ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ሕጉ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ከመኪናው የሚጠቀመው እኔ ነኝ፤ ጎማውን የምመርጠው፣ መንገዱን የምመርጠው እኔ ነኝ። በመንገድ ዳር ምድጃ ይዘው የተቀመጡት እናት ከምርጫው አንዱም የላቸውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲያውጅ እኩልነቱ እንዲህ ያለውን የአቅም ልዩነት እንዳያይ ሆኖ ቢተረጎም ኖሮ እንደ ተራው ዲፈረንሻል ይሆን ነበር፤ ለሁለቱም እኩል ሰጥቶ ሁለቱንም ባሉበት ያስቀር ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ለወንድሜ ልጅ የሰጠሁት መልስ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ከዲፈረንሻል በፊት ጎማ። በስሌታችን ጭቃ ላይ ያለው ጎማ ከ54 ወደ 100 ኪሎ መግፋት ቢችል ተራው ዲፈረንሻል ራሱ 200 ያደርሳል። ደካማው ጎማ የሁለቱን ልክ የሚወስን ከሆነ ደካማውን ማበርታት እጥፍ ይከፍላል። ብዙ አገሮች ዝቅተኛ የጎማ ጥርስ ጥልቀት አድርገው የያዙት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለክረምት ዳገት ግን ይህን መጠበቅ መዘግየት ነው። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ኃይል እንዲቆጥቡ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ጎማ ይዘው ይመጣሉ፤ ሲያልቅ እርጥብ መንገድ በሚይዝ መተካት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ እግር። የኤሌክትሪክ መኪና ቀስ ብሎ የማስነሻ ሁኔታ ካለው ዳገት ላይ ይጠቀሙበት። ጎማው መሽከርከር ከጀመረ እግር ይነሳ እንጂ አይጨመር። የሚያልፍ መኪና ለማሳለፍ ሲቆሙም አንደኛው ወገን ጭቃ ላይ እንዳይወጣ ቀድሞ ማየት ነው።

ሦስተኛ፣ ገዳቢ ዲፈረንሻል ቁልቁለት ላይ አያቆምም። ከእንጦጦ ሲወርዱ የሚያስፈልገው ፍሬንና ጎማ ነው። መውጣት ያስቻለው መሣሪያ ሹፌሩን አጀግኖት ሲወርድ ቢያስቸኩለው፣ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ይደርሳል።

አራተኛ፣ በኋላ ገዝቶ ማስገጠም የሚያስብ ሰው ካምቢዮው ወርዶ እንደሚፈታ ይወቅ። ለሞዴሉ የተሠራ ዕቃ፣ ትክክለኛ ዘይትና የሚያውቅ ባለሙያ ካልተገኙ የተሻለው ያለውን አለመንካት ነው። ገዳቢ ዲፈረንሻል ከፋብሪካው ያለው መኪና ያገኘ ግን ዕድለኛ ነው፤ በመጽሐፉ የታዘዘለትን ዘይት ብቻ ያድርግለት።

አምስተኛውን የጨመርኩት ለወንድሜ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ለኔም ለጎረቤቶቼም ጭምር ነው። የኔ ጎማ ጭቃ ላይ የወጣው ቦዩ ተደፍኖ ጎርፉ የተሸከመውን በመንገዱ ዳር ስላራገፈ ነው። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ዓይነት መሬት ላይ ቢቆሙ ተራው ዲፈረንሻል ከበቂ በላይ ነበር። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቦይ መጥረግ አካፋና አንድ እሑድ ጠዋት የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ በዚያ መንገድ ለሚወጣው መኪና ሁሉ፣ ለእግረኛውም ጭምር ይጠቅማል።

እናቲቱ አሁንም እዚያው ናቸው። ምድጃቸውን ግን ከመንገዱ ዳር አንስተው ከአጥሩ ሥር አስጠግተውታል። ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ሰላምታዬን እየመለሱ ዓይናቸው ከጎማዬ አይነሳም። እውነታቸውን ነው።

ቸር እንሰንብት።